ሁለተኛው የዳሌ ብረት

ጋሽ ይሻው የሞቱት በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሲሰግዱ ነው። በቀዶ ጥገና ዳሌያቸው ውስጥ የገባው ብረት ተሰበረና ጭንቅላታቸው ከድንጋይ ደረጃው ጋር ተላተመ።

በዚያ ንድፍ የተሠራው ብረት ሁለት ብቻ ነው። ሁለተኛው ወይዘሮ ፈንታነሽ ዳሌ ውስጥ አለ። ጥፋቱ የተሰበረው ብረት ብቻ ከሆነ ፈንታነሽ ይተርፋሉ፤ የንድፉ ከሆነ ግን እሳቸውም አንድ ቀን ሲሰግዱ ይወድቃሉ። ኢንስፔክተር እመቤት ሐሙስ ጠዋት ብረቶቹ ወደተሠሩበት ወርክሾፕ የተጠራችው ይህን እንድትለይ ነው። ቶሎ አትቆጣም፣ ቶሎም አታምንም።

መቼም ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠረጠረው እጁ ግራሶ የነካው ነው። ሁሉም ብረቱን በቀረጸው በሙላቴ ላይ ጣቱን ቀሰረ።

«ይለኩት» አላት ሙላቴ፣ ዓይኑ ቀልቶ። «እባክዎ ይለኩት።»

ለካችው። ስብራቱ ላይ ያለው ውፍረት ከንድፉ ስዕል ጋር አንድ ነው። ወደ ንድፍ አውጪው ወደ ውባንተ ዞረች።

«ለምን እንዲህ አቀጠንከው?»

«ብረቱ ሲወፍር ሸክሙን ሁሉ እሱ ይወስድና አጥንቱ እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ብረቱን ሳይሰበር ሊቀጥን እስከሚችለው ድረስ ያቀጥነዋል። ሰው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰግድ በእርግጥ አናውቅም፤ ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለውን ግምት እንሰጠዋለን። ከመስክ የመጣው መረጃ ግን የሁሉም ሰው ተቀራራቢ ሆነ። ስለዚህ ብረቱን ይበልጥ ማቅጠን ቻልን፤ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።»

በእብናትና በገሳይ ገጠር ዞራ መረጃውን ያመጣችው ዝናሽ ናት፤ የፈንታነሽ ልጅ። በገዛ እናቷ ሕይወት ትጫወታለች ብሎ ማን ያስባል? እመቤትም አላሰበችም፤ መረጃው የተሞላባቸውን ቅጾች ግን ወስዳ አንድ በአንድ አነበበች።

ዓርብ፣ የስቅለት ዕለት ጠዋት፣ ሙላቴን፣ ውባንተንና ዝናሽን ሰበሰበቻቸው።

«ሙላቴ ከስዕሉ አልወጣም። ውባንተም የተሰጠውን ቁጥር አልነካም። ቁጥሩ ግን ውሸት ነው» አለች፣ ቅጾቹን ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋች። «ሠላሳ ሰው፣ ጭኑ ላይ መለኪያ ታስሮለት፣ በቀን አርባ ገደማ ሰገደ ይላል። ቀኑን እዩት፤ ግንቦት ስድስት፣ ግንቦት ዘጠኝ። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ስግደት የለም። ማን ሰግዶ ማን ለካው? በሕማማት ደግሞ ሰው አርባ ብሎ አያቆምም፤ በመቶዎች የሚቆጠር ስግደት ይሰግዳል። ይህን የጻፈው መስክ የወጣው ሰው ነው።»

«ቀኑን አይቼው ነበር፤ ልብ አላልኩትም» አለ ውባንተ ራሱን ይዞ። «ቁጥር ቁጥሩን ብቻ ሳይ ከረምኩ።»

ዝናሽ አልካደችም። «መኪና ያገኘሁት በግንቦት ብቻ ነው። የሚሰግድ ሰው አጣሁ። እስከ ፍልሰታ እንጠብቅ ብል ቀዶ ጥገናው ለዓመት ይተላለፋል። እናቴ አራት ዓመት አልጋ ላይ ነበረች። ስታቃስት እየሰማሁ መጠበቅ አቃተኝ።»

«አሁን የት ናቸው?»

«ቤተ ክርስቲያን። አትስገጂ ብዬ ለመንኳት። ምክንያቱን ግን ደበቅኳት።»

ሮጡ። ግቢው ጢም ብሏል። ዝናሽ እያለቀሰች፣ በተደፋው ሰው መካከል እየተሹለከለከች እናቷን ፈለገች። ሊደፉ ሲሉ ደርሳ ክንዳቸውን ያዘች።

«እማዬ፣ በቃሽ። ብረቱ ይሰበራል። ጋሽ ይሻውን የገደላቸው እኔ የጻፍኩት ውሸት ነው።»

ፈንታነሽ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ለእኔ ብለሽ ነው?»

ዝናሽ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ፈንታነሽ «እንግዲያ ዕዳው የእኔም ነው» ብለው ክንዳቸውን ከእጇ አላቀቁና እንደገና ወደ መሬት ወረዱ።