ያልተቋጨው ሐረግ

በሐምሌ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ የደሴን ጣሪያዎች አንድ በአንድ በሚሸፍንበት ከሰዓት በኋላ፣ አስካለ ሥራዋን የምትጀምረው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ነበር። የስፌት መኪናዋን ሽፋን ታነሳለች፣ መኪናውን በለስላሳ ጨርቅ ትወለውላለች፣ መርፌውን በአዲስ ትተካለች፣ ከዚያም በቁራጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ሰፍታ ክሩ እንዳይላላና እንዳይከር ታስተካክለዋለች። መኪናው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን ፊቱ ላይ ሐረግ፣ አበባ፣ መስቀልና ሞገድ የመሳሰሉ የጌጥ ስፌቶች በትናንሽ ሥዕሎች ተደርድረውበታል። ሴቶች ከእናት ለልጅ የሚያወርሱትን የሠርግና የክርስትና ልብስ ወደ እሷ የሚያመጡት በከንቱ አልነበረም። የመኪና ስፌት መሆኑ ከሩቅ የሚታወቀው ጌጥ በእሷ እጅ ሲያልፍ በመብራት አጠገብ ተቀምጦ በትዕግሥት የተጠለፈ ይመስል ነበር።

ባሏ ሲራክ ከሞተ ወዲህ ከሰው ጋር ብዙ አታወራም። ባለፈው ክረምት፣ እንዲህ ባለ ጉም ውስጥ፣ ኤርሚያስ የሚባል ወጣት ፒካፕ እያበረረ መጥቶ በመንገድ ዳር ገጨውና ሳይቆም ሄደ። በማግስቱ ሽማግሌዎች መጡ። አስካለ ጥቁሯን ለብሳ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «ይቅር ብያለሁ» አለች። ልጅ እንኳ ያልወለደች፣ ብቻዋን የቀረች ሴት ሌላ ምን ልትል ትችላለች? ቃሉ የወጣው ከከንፈሯ ነው። ከከንፈሯ በታች ያለውን ጥርሷን ነክሳ ያዘችው፤ እስከዚያች ቀንም አልለቀቀችውም።

የዚያን ዕለት በሯን ከፍታ የገባችው የኤርሚያስ እናት ወይዘሮ የኔነሽ ነበረች።

«እንደምን ዋልሽ፣ አስኩ። ሰው ምን ይለኛል ሳልል መጣሁ። አንቺን የሚተካ እጅ እዚህ አገር የለም፣ ምን ላድርግ።»

«ይግቡ» አለች አስካለ።

ወይዘሮ የኔነሽ ከፌስታል ውስጥ አንድ አሮጌ የሕፃን ቀሚስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ጨርቁ በዕድሜ ብዛት ወደ ቢጫነት አዘንብሏል። በግርጌው ዙሪያ የተጠለፈው ሐረግ በመታጠብ ብዛት ሳስቷል።

«እናቴ ናት የጠለፈችው። በዚህ ልብስ ክርስትና የተነሳ ሁሉ የራሱ ቅጠል አለው። ይቺ የእኔ ናት፣ ይቺ ደግሞ የኤርሚያስ። አሁን ሴት ልጅ ተወልዳለት ሰማንያዋ ደርሷል። የሷን ቅጠል ጨምሪልኝ፤ ያረጀውንም በመኪናው ድገሚልኝ። ታዲያ እያንዳንዱን ቅጠል ለየብቻ ቋጪው። በአንድ ክር እንዳይቀጥል ትል ነበር እናቴ።»

«ለምን?»

«የአሮጊት ነገር ነዋ። እኔ ምን አውቃለሁ።» ወይዘሮ የኔነሽ ልትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ ቀና ብላ አየቻት። «ያኛው ነገራችንም እንኳን በሽማግሌ ተቋጨ። አንቺም ፊትሽ ወዝ አገኘ።»

አስካለ እርምጃው ከደጅ እስኪጠፋ ጠበቀችና መኪናውን የሐረግ ስፌት ላይ አድርጋ ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው አንዴም ሳታቆም፣ አንዴም ሳትቋጭ፣ በአንድ ክር ሰፋችው። ስንፍና አልነበረም፤ ያቺ ሴት ቋጪ ስላለቻት ብቻ ነበር።

ከአሮጌው ጨርቅ ውስጥ ለብ ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል፣ የምታውቀው የሚመስላት ግን ስሙ የጠፋባት ሽታ ይወጣ ጀመር። ከመኪናው ጉርምርምታ ሥርም ሌላ ቀጭን ድምፅ አለ። እግሯን ከፔዳሉ ስታነሳ ድምፁም አብሮ ይቆማል፤ የሚቆመው ግን ትንሽ ዘግይቶ ነበር። ዘይት አንሶት ነው ብላ ዘይት ጨመረችለት። ድምፁ አልቀነሰም።

ሰፍታ ስትጨርስ ቀሚሱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። ሦስቱ ቅጠሎች እኩል ሆነው መሰፋት ሲገባቸው የኤርሚያስ ቅጠል ከሁለቱ ወፍሮ፣ ጠግቦ የተኛ ይመስላል። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ምላጯን አነሳች። መልሳ ልትሰፋው ነው፤ ለአንድ አፍታ ብቻ እሱ የሌለበትን ማየት አማራት። ክሩን በጥሳ ሳበችው። ክሩ እርጥብ ነበር፣ ሞቃትም ነበር፣ ከአንዲት ቅጠል ይወጣል ተብሎ ከሚታሰበው በላይ ረዝሞ ጣቷ ላይ እየተጠቀለለ መጣ። ከሥሩ የነበረው የአሮጊቷ ጥልፍም አብሮ ተፈታ። የቅጠሉ ቦታ ባዶ ሲሆን ጨርቁ ላይ የመርፌ ቀዳዳ እንኳ አልቀረም።

ጠዋት ከጎረቤቷ ከሐዋ ሱቅ በርበሬ ልትገዛ ወጣች። ስሙን አንስታ ስለማታውቀው ሰው መጠየቅ የፈለገችው ለምን እንደሆነ ለራሷም አልገባትም።

«የወይዘሮ የኔነሽ ልጅ ሰሞኑን ይታያል?»

ሐዋ መስፈሯን ሳታቋርጥ ሳቀች። «የትኛዋ የኔነሽ? ልጅ ፍለጋ ያልረገጠችው ጸበል የሌላት? ምነው፣ በስተርጅና ወለደች አሉሽ እንዴ?»

«ኤርሚያስን ነው የምልሽ። ሲራክን የገጨውን።»

ሐዋ መስፈሪያውን አስቀመጠች። «አስኩ፣ እህቴ፣ ሲራክን ማንም አልገጨውም። ጉሙ አሳስቶት ገደል ገባ እንጂ። ያወጡት የእኔ ወንድሞች አይደሉም እንዴ?»

አስካለ በርበሬውን ሳትይዝ ተመለሰች። ጉሙ ተከትሏት ቤት የገባ ይመስል ክፍሉ ደብዝዟል። ያንን ፊት፣ ዓመቱን ሙሉ ሌሊትና ቀን ስታየው የኖረችውን ፊት፣ ልታስታውስ ብትሞክር መጀመሪያ ቅንድቡ፣ ቀጥሎ አፉ እየጠፋባት ሄደ። ጥላቻው ግን እንዳለ ነበር። የሚያርፍበት ፊት አጥቶ በደረቷ ውስጥ ይንከራተት ጀመር። ቅጠሉን መልሳ ልትሰፋ ተቀመጠች። መኪናው በሌላ ጨርቅ ላይ እንደ ወትሮው ይሰፋል፤ በዚያች ባዶ ቦታ ላይ ግን መርፌው ወጣ ገባ እያለ ክሩ አንዴም አልያዘም።

ያን ጊዜ ነው የሕፃኗን ቅጠል ያየችው። ማንም ሳይስበው ክሩ በራሱ እየተፈታ ነበር፤ በጣም በዝግታ፣ ጆሮን ካላስጠጉ በማይሰማ መንሿሿት። ግማሹ አልቋል። አስካለ ጣቷን ጫነችበት። ይቺ ብትጠፋ ያ ሰው መኖሩን የሚናገር አንዳች ነገር በዓለም ላይ አይቀርም። ለሕፃኗ አላዘነችም፤ ከእሱ የቀረው የመጨረሻ ነገር ከእጇ ማምለጡን ነበር ያልፈቀደችው። በሌላ እጇ ከሐዘን ቀሚሷ ጠርዝ ጥቁር ክር መዘዘች። ሳትቆርጠው፣ አንዱ ጫፉ ቀሚሷ ላይ እንዳለ፣ ሌላውን ከሚፈታው ክር ጋር አጠላልፋ ቋጨችው። መፈታቱ ቆመ። ከዚያ ጥቁሩን ክር በምላጭ በጠሰችው።

መብራት ጠፋ። መኪናው ጸጥ አለ፤ ቀጭኑ ድምፅ ግን አልቆመም።

ወይዘሮ የኔነሽ ጃንጥላዋን ደጅ አራግፋ ገባች። «መጋረጃዬን ላሰፋ መጥቼ ነበር፤ አይ፣ መብራትም የለም ለካ።» ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቀሚስ ስታይ ፊቷ በራ። «ውይ፣ አለቀልሽ? እናቴ የጠለፈችልኝ ልብስ ለልጅሽ ሆነ፣ እሰይ። እኔ ለማን አወርሰዋለሁ?» ጣቷ ከራሷ ቅጠል ተነስቶ ወደ ትንሿ ሲሄድ በመሃሉ ባዶ ቦታ ላይ ቆየ። አንድ ነገር የጠፋበት ሰው እንደሚያደርገው ደጋግማ ዳሰሰችው። ከዚያ እጇን ሰበሰበች።

«ሲራክ ይቺን ጥሎልሽ ባይሄድ ምን ይውጥሽ ነበር?»

አስካለ እጇን ወደ ደረቷ ወሰደች። ያ ኮምጠጥ ያለ፣ ለብ ያለ ሽታ አሁን ክፍሉን ሞልቶታል። ስሙም ተመልሶላታል።

«ምን ሆነሽ ትፈዣለሽ?» አለች ወይዘሮ የኔነሽ በቀስታ። «ተነሺ እንጂ። ልጅሽ ጓዳ ስታለቅስ አትሰሚም?»

አስካለ ተነሳች፤ የጥቁር ቀሚሷ ደረት በወተት ርሶ ነበር፤ ወደ ጓዳው ስትራመድ ግን ያ ፊት ያጣው ጥላቻ ቀድሟት ገባ።