ከጀልባዋ እስከ አሸዋው

«አይተሻል አይደል፣ አዊኖ? ንገሪያቸው እንጂ!» አሉ የአኮት እናት።

ዓሣ የሚመዘንበት ዳስ ውስጥ ሰው ጢም ብሏል። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። ጀልበኛው ኦቾላ መሬት መሬት እያየ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። አዊኖ «አዎ» ካለች ዛሬውኑ ወደ ሆማ ቤይ ከተማ ወስደው ያስሩታል።

አዊኖ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ከጓደኛዋ ከአኮት ጋር በኦቾላ ጀልባ ሐይቁን አቋርጠው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጉማሬ ጀልባዋን ገለበጣት። አኮት አልተረፈችም። አዊኖ ላለመስጠም የያዘችው ቢጫ ጀሪካን፣ እጀታው ላይ ያለችው ስንጥቅ ሳትቀር፣ ቁልጭ ብሎ ይታያታል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ስትነቃ አሸዋ ላይ ነበረች።

የመንደሩ ሰው ግን የጠፋውን ሞላላት። «ኦቾላ ነፍሱን ለማትረፍ አኮትን ከጀሪካኑ ገፈተራት» አሉ፤ ደጋግመው አሉ። አሁን ለእሷም ይታያታል፤ የኦቾላ ክርን፣ አረንጓዴ ኮቱ፣ የአኮት ጩኸት።

«አይዞሽ ልጄ» አሉ የመንደሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሽማግሌው ኦዴራ። «ያየሽውን ብቻ ተናገሪ።»

«እሱ… በክርኑ…» ብላ ቀና አለች።

ኦቾላ ያንኑ አረንጓዴ ኮት ለብሷል። ያን ቀን እኮ ሸሚዝ እንኳ አልነበረውም! አኮት ጆሮዋ ሥር «የምር ጎድኑን ቁጠሪልኝ፣ እኔ ሰባት ላይ ጠፋብኝ» ብላት በሳቅ ፈርሰው ነበር። ኮቱን የሰጡት በቀብሩ ዕለት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው።

ታዲያ ያ ክርን የማን ነው? የራሷ ቢሆንስ? «አዎ» ብትል ይህን የሚጠይቃት ሰው አይኖርም።

«አላየሁም» አለች።

«ምን? ትናንት ነግረሽኝ!» ጮኹ የአኮት እናት።

«ያየሁ መስሎኝ ነበር፣ እማማ። ኮት ለብሶ ነው የሚታየኝ። ያን ቀን ግን ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ ነበር የሚቀዝፈው።»

ኦቾላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። የአኮት እናት ወደ አዊኖ ተጠጉ።

«ታዲያ ልጄን ማን ገፋት?»

አዊኖ ሮጣ መውጣት አማራት።

«አላውቅም» አለች። «እኔም ልሆን እችላለሁ።»