ከልብስ ሰፊው አልጋ ሥር የነበረው ሳፋ

ልብስ ሰፊው አልጋው ላይ በጀርባው እንደተንጋለለ ሞቷል። ሆዱ ተነፍቷል፤ ከአልጋው ሥር ትውከት ያለበት ሳፋ ተቀምጧል። መርማሪዋ ሸሚዙን ገለጥ አድርጋ ሆዱ ላይ ያሉትን አምስት ትንንሽ ጠባሳዎች ስታይ ቆየች።

«ሲያስመልሰው አደረ፤ ሳፋውን የያዝኩለት እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ። ድምፅዋ ተዘግቷል፤ ዓይኖቿ ደም ቋጥረዋል።

የሟች ታናሽ ወንድም በሩ ላይ ቆሟል። ማታ ወተት ያመጣው እሱ ነው፤ በሱቁ ጉዳይ ከሟች ጋር የተጣላውም እሱው። ትውከቱ ተመርምሮ ወተትና የአይጥ መርዝ ሲገኝበት፣ የጣቢያው አለቃ ነገሩ አለቀ ደቀቀ ብሎ ካቴና አዘጋጀ። መርማሪዋ ግን «ትንሽ ይታገሱኝ» ብላ ሟችን በሕይወት ሳለ ሆዱን ቀዶ ወዳከመው ሐኪም ሄደች።

«ቃር አላስቀምጥ ብሎት ነበር» አላት ሐኪሙ። «በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብተን የጨጓራውን አናት በምግብ ቧንቧው ዙሪያ ጠመጠምነው። ቃሩ ጠፋ።»

«ከዚያስ?»

«ማግሳት አቃተው። ሆዱ ይነፋል፣ ምግቡ ይተናነቀዋል። አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ይጠብቃል። ልናላላው ሞክረን አልሆነልንም።»

«ማስመለስስ?»

ሐኪሙ አቀረቀረ። «እሱማ አይታሰብ። ነፍሱ እስክትወጣ ቢያቅለሸልሸው ጠብ አይልለትም።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሰዎቹን ሁሉ የልብስ ስፌት መኪናው ያለበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሟች ማስመለስ አይችልም ነበር፤ ሐኪሙ ይኸው። ስለዚህ ትውከቱ የሌላ ሰው ነው። እትዬ፣ ድምፅዎን የዘጋው ለቅሶ አይደለም፤ ጎረቤት አንድም ለቅሶ አልሰማም። ዓይንዎ ደም የቋጠረው ሲያስታውክዎ ነው። ወተቱን እርስዎም ጠጥተዋል። ሌላ ሰው መርዞዎት ቢሆን ኖሮ ሰፈሩን በጩኸት ያቀልጡት ነበር፤ እርስዎ ግን ትውከትዎን የሟች ነው አሉ።»

«እትዬ! ምነው?» አለ ወንድምየው።

«ካልተቀደድክ ብዬ የወተወትኩት እኔ ነኝ» አለች ሴትዮዋ። «ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳን በልቶ አልተኛም። ገላግይኝ አለኝ። ብቻህን አትሄድም ብዬ መርዙን ጨምሬ ሁለት ኩባያ ቀዳሁ። እኩል ጠጣን። የኔ ወጣ፣ የሱ አልወጣም። መትረፌን አፈርኩበት፤ ለዚህ ነው የዋሸሁት።»

ወንድምየው እፎይ ማለት ሲገባው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። መርማሪዋም እውነቱን በማግኘቷ ምንም ደስ አላላትም።

«ሞት ይፈረድብኝ ይሆን?» ብላ ጠየቀች ሴትዮዋ፣ ዓይን ዓይኗን በተስፋ እያየች።

«አይመስለኝም፣ እትዬ። እስር ነው የሚሆነው። ረጅም እስር።»

ሴትዮዋ ይሄኔ አለቀሰች።