መብራት ሲመጣ የሚነሱት

«ሙኒያ! ደግሞ ጠፋ!»

ታላቅ እህቷ አሪፋ ናት። ሙኒያ ጭንቅላቷን ያዘች። ትናንት አስተካክላው አልነበር እንዴ! መብራት ሄዶ መጣ፤ ይቺ መናጢ ራውተር ግን ኢንተርኔቱን ይዛ አልተነሳችም።

አሪፋ ከሰዓት በኋላ በዙም የሥራ ቃለ መጠይቅ አላት። ከተመረቀች ወዲህ የተጠራችበት የመጀመሪያው ነው። ሂጃቧን ተኩሳ፣ ከጀርባዋ የሚታየውን ግድግዳ ሳይቀር ወልውላ ጨርሳለች።

«ተሠርቷል አላልሽኝም?»

«እ... ኔትወርኩ ነው! እኔ ምን ላድርግ?»

ሙኒያ ላፕቶፑን ከፍታ ራውተሯ ውስጥ ገባች። ራውተሯ ሊኑክስ የሚባል ሲስተም የተጫነባት ሚጢጢ ኮምፒውተር ናት፤ ሜሞሪዋም እንደዚያው ሚጢጢ። መብራት ሲመጣ በራሳቸው የሚነሱት ፕሮግራሞች ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። ከመሃላቸው ሙኒያ ራሷ የጫነችው ፊልም ማውረጃ አለ።

ትናንት አጥፍታው ነበር። ለካ ያጠፋችው ለጊዜው ብቻ ነው፤ መብራት ሲመጣ እንዳይነሳ አልከለከለችውም! እሱ ቀድሞ ተነሥቶ ሜሞሪውን ግጥም ሲያደርገው፣ ኢንተርኔቱን የሚያገናኘው ፕሮግራም ቦታ ያጣል። በራሷ ተናደደች። ጓደኛዋ ጀና ደግሞ ነገ ከቀጨኔ ድረስ ፍላሿን ይዛ እየወረደ ላለው ተከታታይ ፊልም ትመጣለች። ልታኮርፍ ነው። ታኩርፋ!

ማውረጃውን ከሚነሱት ውስጥ አወጣችው። ከዚያ ኢንተርኔቱን በእጇ አስነሳችው፤ መጣ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች አሪፋ። «በቃ፣ እንዳትነኪው!»

ሙኒያ ግን አልተዋጠላትም። ትናንትም እኮ በእጇ ስታስነሳው ሠርቶ ነበር። በመስኮቱ ወደ እንጦጦ አየች፤ ደመናው ጠቁሯል። ነጎድጓድ ከተሰማ መብራቱ መሄዱ አይቀርም። ተነሥታ የራውተሯን ገመድ ያዘች።

«ምን ልታደርጊ ነው? አብደሻል እንዴ?»

«አሪፍዬ፣ ኔትወርኩ አልነበረም። እኔ ነኝ። የጫንኩት ፊልም ማውረጃ ነው ሲያጠፋው የነበረው።» ገመዱን እንደያዘች ቀጠለች። «አሁን አውጥቼዋለሁ። ግን አጥፍቼ በራሱ ሲነሳ ካላየሁት እርግጠኛ አልሆንም። ቃለ መጠይቁ መሃል ከምናየው አሁን እንየው፤ ገና ጊዜ አለን።»

አሪፋ አፈጠጠችባት። ሙኒያ ጩኸቱን ጠበቀች።

«ቆይ አንቺን!» አለች አሪፋ ጥርሷን ነክሳ። ከዚያ ወንበሯን ጎትታ ከራውተሯ አጠገብ ተቀመጠች። «ንቀይው።»

ሙኒያ ነቀለችው።