በረኛው፣ እትዬ የሺዓለምና የስኳር ሰልፉ

ጊዮርጊስን፣ ይህ ታሪክ ከእውነት አንዲት ስንዝር አልወጣም። ያላመነ ፒያሳ ወርዶ ይጠይቅ። የጠየቃችሁት ሰው «ውሸት ነው» ካላችሁ፣ ያ ሰው የፒያሳ ልጅ አይደለም፤ ሌላ ሰው ጠይቁ።

በደርግ ጊዜ፣ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ሊገባ ሲል፣ አባይነህ ፒያሳ ካሉት ሲኒማ ቤቶች የአንዱ በረኛ ነበር። ሥራው ቲኬት መቅደድ ነው። ቲኬት የሌለውን መመለስም ሥራው ነበር፤ ይህን ግን እምብዛም አይወደውም። የሠፈሩ ወጣት ሁሉ በብብቱ ሥር እየሾለከ ይገባል። ሥራ አስኪያጁ ቲኬት ሳይሸጥ አዳራሹ ጢም ማለቱ ግራ ገብቶት፣ አንድ ሰሞን ቤቱን በድብቅ ጠበል አስረጭቶታል።

ታዲያ አንድ ሳምንት አንዲት ልጅ መምጣት ጀመረች። ፊልም አታይም። ማዶ ካለው የመብራት ምሰሶ ተደግፋ በሩን ታያለች፤ ማን ገባ፣ ማን ተመለሰ፣ ማን ከገባ በኋላ ተጎትቶ ወጣ። ዓይኗ ትልቅ ነው፤ እንደዚያ ያለ ዓይን ሲያርፍብህ ያልሠራኸውን ኃጢአት ሳይቀር ትናዘዛለህ። አባይነህ ደግሞ የሠራው ነበረው። ጆሮ ጠቢ ናት ብሎ ደመደመ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደ እሱ ያለ በረኛ አልታየም። የገዛ አጎቱን መለሰ። ቲኬት ለያዘውም ሰው መታወቂያ አምጣ ማለት ጀመረ። አልፎ ተርፎ የሥራ አስኪያጁን አማች ከውስጥ በኮሌታው ይዞ አወጣና አስፋልት ላይ አስቀመጠው። ልጅቷ ግን አልሄደችም። እንዲያውም አማቹ ሲወረወር ፊቷ እንደ አደይ አበባ ፈካ።

አላስችል አለው። መንገዱን ተሻገረ።

«እህቴ፣ የምታሳስሪኝ ከሆነ ንገሪኝና ካፖርቴን ልያዝ።»

«በርህን ነው የማጠናው» አለችው።

«በሬ ምን አጠፋ?»

«ያን ሰውዬ እንዴት እንዳስወጣኸው እስቲ ድገምልኝ።»

አይናዲስ ትባላለች፤ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ናት። ለክፍሏ የምታቀርበው ጥናት ስለ ሴት እንቁላል ማምረቻ ካንሰር ነበር። በቃል የምታውቀውን ነገር በዓይኗ ማየት ፈልጋ፣ በር የሚጠበቅበትን ቦታ ስትፈልግ ነው እሱ በር ላይ የደረሰችው። ኬክ ቤት ገቡ። ስኳር ጠፍቶ ስለነበር ማኪያቷቸውን ፊታቸውን እያጨማደዱ ጠጡ።

ካንሰር የያዘውን ሕዋስ ቤት ነው በል አለችው። ዙሪያውን ስስ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑ ላይ ከፕሮቲን የተሠሩ በረኞች ቆመዋል። ጤነኛው ሕዋስ የስኳር በሩን የሚከፍተው ለሚበቃው ያህል ነው። የታመመው ግን ግድግዳውን በር በበር ያደርገዋል፤ ስኳሩን እያግበሰበሰ ያስገባል፣ ይበላል፣ ያድጋል፣ ይባዛል።

«ይሄን ሁሉ ስኳር ሲወስድ ቀበሌው ዝም አለው?» አለ አባይነህ።

ሳቀች። የሚብሰው ሌላኛው በረኛ ነው አለችው፤ መድኃኒቱ ሾልኮ ሲገባ አንቆ ወደ ውጭ የሚወረውረው።

«እንደ አማቹ።»

«ልክ እንደ አማቹ።»

«ታዲያ ይባረራ።»

አይባረርም አለችው። ጉበትና ኩላሊት ላይ ቆሞ መርዝ የሚያስወጣልንም እሱው ነው። ፈረንጆቹ የሚሞክሩት በሌላ ነገር ሥራ ማስያዝን ነው፤ በረኛው ከዚያኛው ጋር ሲጓተት መድኃኒቱ ውስጥ ይቀራል። ገና ሙከራ ነው አለች። የማኪያቶዋን ማንኪያ አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች። አባይነህ ብዙ ፊልም በነፃ ያየ ሰው ስለሆነ፣ ማንኪያ ሲነሣና ሲቀመጥ ማውራት እንደማያስፈልግ ያውቃል።

«ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፣ እቴቴ» አለችው በመጨረሻ።

አክስቷ እትዬ የሺዓለም ባለፈው ዓመት በዚሁ በሽታ ኦፕራሲዮን ተደርገዋል። መድኃኒቱ መጀመሪያ ሠራ፤ ኋላ ግን እምቢ አለ። ሐኪሞቹ ሌላ መድኃኒት እንሞክር ይላሉ፤ እሳቸው ግን ከጊዮርጊስ ጀርባ ያለውን ግቢያቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል። ጠያቂም ሐኪምም አይገባም።

ሳምንታት አለፉ። ልጅቷ አሁንም ምሰሶዋን ተደግፋ ትቆማለች፤ ጥናቱ ካለቀ ግን ቆይቷል። እሱም ቲኬት እየቀደደ ዓይኑን ከምሰሶው ስለማይነቅል፣ አንዳንድ ቀን የሰው ጋዜጣ ቀድዶ ያስገባል። በመጨረሻ ሽማግሌ ልላክ አላት።

«እቴቴ ሆስፒታል ሳትመለስ የኔን ነገር እንዳታነሣ» አለችው። «እሷ በሯን ዘግታ ሞቷን እየጠበቀች፣ እኔ በየት በኩል ወጥቼ ልዳር?»

አባይነህ ሁለቱንም ልመና ለአንድ ሽማግሌ አሸከመ። ሽማግሌው ሰዓት ሠሪው አቶ ሀብተሥላሴ ናቸው፤ አንደበታቸው ማር፣ ጉልበታቸው ግን ቁርጥማት ነው። ሄዱ፣ ተመለሱ፤ ደግመው ሄዱ፣ ተመለሱ። ጋሽ ደበሳይ የሚባሉ የቀድሞ ወታደር ዘበኛ ሆነው በሩ ላይ አሉ፤ «እትዬ እንግዳ አልቀበልም ብለዋል» ብለው አፍንጫቸው ላይ ይዘጉባቸዋል።

ያኔ አባይነህ ማኪያቶው ላይ የሰማው ትዝ አለው። ስኳር የማይከፍተው በር የለም። በማግስቱ ያለ ቲኬት መግባት የፈለገ ሁሉ አንድ ስኒ ስኳር ይዞ እንዲመጣ አስነገረ። የፒያሳ ልጅ የእናቱን ጓዳ ዘረፈ። ሦስት ፊልም ሳይታይ ጆንያ ሞላ። እቅዱ ቀላል ነው፦ ስኳሩ በሩን ያስከፍታል፣ አባይነህ ጋሽ ደበሳይን ስለ ወታደርነታቸው እየጠየቀ ይይዛል፣ ሽማግሌው ሹልክ ብለው ይገባሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሡ። አባይነህ ጆንያውን ተሸክሞ ከፊት፣ አቶ ሀብተሥላሴ ጋቢያቸውን ለብሰው ከኋላ። ጆንያው ግን ቀዳዳ ነበረው። ከምኒልክ አደባባይ ጀምሮ ስኳሩ መንገዱ ላይ እየተንጠባጠበ ይከተላቸዋል፤ ከስኳሩ ኋላ ደግሞ አንዲት ሴት፣ ከዚያ ሌላዋ። ጋቢ የለበሰ ሽማግሌና ጆንያ ሲያዩ የቀበሌው ሱቅ ስኳር የሚያከፋፍልበትን ቦታ የቀየረ መሰላቸው። ግቢው በር ሲደርሱ ሰልፉ የጊዮርጊስን ግንብ ዞሮ አትክልት ተራ ገብቷል፤ ተሸካሚዎቹ ሽንኩርታቸውን ጥለው መጥተዋል።

ጋሽ ደበሳይ ስኳሩን ሲያዩ በሩን በረገዱት። ሰልፉን ሲያዩ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ረሱት። የተበላሸ ሰልፍ የማይወዱ ሰው ናቸው። ዱላቸውን ይዘው አንዷን ወደ ቀኝ፣ አንዷን ወደ ግራ ሲያሰልፉ፣ አቶ ሀብተሥላሴ በጀርባቸው አለፉ። አባይነህ ሊከተል ሲል ዱላው ደረቱ ላይ አረፈ።

«አንተ፣ ወደ መጨረሻው።»

«ጋሼ፣ ስኳሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ተሰለፍ።»

ሙሽራው ሄዶ ከሽንኩርት ተሸካሚዎቹ ኋላ ተሰለፈ።

ውስጥ ደግሞ ሌላ ትግል ነበር። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ወጉ ነው። እትዬ የሺዓለም በመስኮቱ ሥር ባለው አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀመጡ ቢሏቸው፣ አቶ ሀብተሥላሴ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ አሻፈረኝ አሉ። ሁለት ነገር ነው የምለምነው አሉ፤ ልጅዎን ለልጃችን፣ እርስዎን ለመድኃኒቱ።

ወሬው በሰልፉ ውስጥ እየተቀባበለ አባይነህ ድረስ ይመጣል። ቆመዋል ይላል። ቆይቶ ደግሞ፣ አሁንም እንደቆሙ ናቸው ይላል።

«መድኃኒቱ እንደሚያድነኝ ያውቃሉ?» አሉ እትዬ የሺዓለም።

«አላውቅም» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ። «በተዘጋ በር እንደማይገባ ብቻ ነው የማውቀው።»

እትዬ የሺዓለም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሰልፉ ግቢውን ሞልቶ፣ በሩን አልፎ፣ ግንቡን ተከትሎ እስከ ጫፉ፣ ቁልቁል አትክልት ተራ ድረስ ይታያል።

«ያ በዚህ ፀሐይ ካፖርት የለበሰው ማን ነው?»

«ልጃችን ነው።»

«ሙሽራው? ምን ያደርጋል እዚያ?»

«ዘበኛዎ ተሰለፍ ብሎት ነው።»

ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቁ። እያመማቸው ሳቁ። ጓዳ ሆና ስታዳምጥ የነበረችው አይናዲስ ደንግጣ ወጣች፤ ይህን ሳቅ ከሰማች ዓመት አልፏታል። እትዬ የሺዓለም እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ለዚህች ልጅ የመጣው ሁሉ አጥር ሊዘል ነበር የሚፈልገው» አሉ። «ተራውን የሚጠብቅ አሁን ገና አየሁ። ይቀመጡ በሉ፣ ጉልበትዎ ሳይሰበር። እኔም ሄጄ ተራዬን ልጠብቅ፤ ሆስፒታሉም ሰልፍ አያጣም።»

«ለሁለቱም እሺ ነው?»

«ለሁለቱም ነው። ይቀመጡ አልኩ።»

አይናዲስ ግንቡን ተከትላ ሰልፉን እስከ ጫፉ ሄደች። ዓይኗ ቀልቷል።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ስኳር እጠብቃለሁ።»

«አልቋል» አለችና እጁን ያዘችው። «ና፣ ግባ።»

አዲሱ መድኃኒት ሁሉንም አልጠራረገም። ግን ገባ፣ ውስጥም ቆየ፤ እብጠቱ ጎደለ። ሠርጉ ለትንሣኤ ማግስት ሆነ። እትዬ የሺዓለም ወንበራቸውን የዳሱ በር ላይ አስደርገው፣ የሚገባውን ሰው አንድ በአንድ ሲመረምሩ ዋሉ፤ የሥራ አስኪያጁን አማች ሳይጠራ መጥቷል ብለው መለሱት። ማታ ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲሉ ተነሥተው እስክስታ ወረዱ፤ ትከሻቸው የሃያ ዓመት ልጅ ትከሻ ነበር።

እሺ፣ ይህቺን አንዷን ጨምሬያለሁ። እስክስታ አልወረዱም፤ ከወንበሩም አልተነሡም፣ ጉልበቱ አልነበራቸውም። ጫማቸው ግን ከቀሚሳቸው ሥር ከበሮውን እየተከተለ መሬቱን ይመታ ነበር። አባይነህ ጎንበስ ብሎ አይቶታል፤ ለአይናዲስም በክርኑ ነካ አድርጎ አሳይቷታል።