አስራ ሦስተኛዋ ወር

ሐሊና ኮዱን እስከ መጨረሻው አነበበችና ወደ ኋላ ተመልሳ ወሮቹን እንደገና ቆጠረች። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያለች ነሐሴ ላይ ስትደርስ ዝርዝሩ አለቀ። አስራ ሁለት። ጳጉሜን የለችም። ፋኑኤል አጥፍቷታል።

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በእጅጌዋ ያዘች። ከሰኞ ጀምሮ የቋጠረችው ቂም ድንገት መውጫ በር አገኘ።

ሁለቱም የአንድ ትምህርት ቤት የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። የነሐሴን እረፍት እዚህ ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ለልምምድ ገብተዋል። የተሰጣቸው ሥራ ኪሊማኒ ሰፈር ላለ አንድ የሐበሻ ክሊኒክ የቀጠሮ መልእክት በስልክ የሚልክ ፕሮግራም ነው። ክሊኒኩ ቀጠሮ የሚይዘው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ግን በሐበሻ አቆጣጠር ካልተነገራቸው ቀኑን ይስቱታል። ስለዚህ ቀኑን ከፈረንጅ ወደ ሐበሻ የሚቀይር ኮድ ያስፈልግ ነበር። እሱን የጻፈችው ሐሊና ናት። ድፍን ሁለት ሳምንት ፈጅቶባታል።

ፋኑኤል «ልየው ብቻ፣ ማንዜ፣ በናትሽ፣ ልማርበት» ብሎ ለመናት፤ በዋትሳፕ ላከችለት። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ተነሳና በዚያ እንደ ውኃ በሚንቆረቆር እንግሊዝኛው «የቀን መቀየሪያውን ጨርሼዋለሁ» አለ። ጨርሼዋለሁ፤ ጨርሰናል እንኳ አላለም። ኃላፊያቸው ኩለሱም አጨበጨበች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ሐሊና ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው፤ እንግሊዝኛዋ ስትናደድ ጥሏት ይሄዳል። የምትናገረውን ፈልጋ እስክታገኝ ስብሰባው ተበተነ። ለታኅሣሥ እረፍት ተመልሶ እንዲሠራ ከሁለቱ አንዱ ብቻ እንደሚጠራ ታውቃለች፤ በዚያች ደቂቃ ማን እንደሚጠራም አወቀች።

ከዚያ ወዲህ በቀሏን ስታበስል ነው የሰነበተችው። ሻዩ ውስጥ ጨው መጨመር አሰበች፣ የይለፍ ቃሉን መቀየር አሰበች፤ ሁሉም የልጅ ሥራ ሆነባት። አሁን ግን ፋኑኤል ራሱ አመቻቸላት። በዚህ ቢሮ ማንም የጻፈው ኮድ ሌላ ሰው አንብቦ ካላሳለፈው ሥራ ላይ አይውልም። ኩለሱም ደግሞ ዛሬ ዓርብ ጠዋት «የፋኑኤልን አንቺ አንብቢለት» ብላ ለሐሊና ሰጠቻት። ስክሪኑ ላይ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አረንጓዴው «ይለፍ»፣ ቀዩ «ይመለስ»። ካለፈ መልእክቶቹ ምሳ ሰዓት ላይ በራሳቸው ወደ ታካሚዎቹ ስልክ ይሄዳሉ። ከሰዓት በኋላ የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ጥሩሰው ሥራውን ለማየት ይመጣሉ፤ ፋኑኤልም ተነስቶ ያስረዳቸዋል።

«እንዴት ነው፣ አለፈ?» ፋኑኤል ሁለት ሳምቡሳ በሶፍት ይዞ መጣና አንዱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት።

«እያነበብኩ ነው።»

«ባይ ዘ ወይ፣ አንድ ነገር አስተካክዬልሻለሁ። ወሮቹን አስራ ሦስት አድርገሽ ጽፈሽ ነበር። ዶክተሩ ቢያዩት ጉድ ነበር የምንሆነው።» ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለማንም አልተናገርኩም። ሳዋ? እሺ?»

ፋኑኤል ናይሮቢ ተወልዶ ናይሮቢ ያደገ ነው፤ የሐበሻ ወር የሚሰማው እናቱ ጾም ገባ ስትለው ብቻ ነው። ሐሊና ቀና ብላ አየችው። የሰረቃትን ሥራ መልሶ ሊያርማት። ፊቷ እንዳያሳብቅባት ሳምቡሳውን ገመጠች።

«አመሰግናለሁ፣ ፋኑኤል» አለች። «እንኳን አየኸው።»

እየተዝናና ሄደ። ሐሊና አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ዶክተር ጥሩሰው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ጳጉሜንን ምን አደረግካት?» ሲሉት፣ ፋኑኤል ጳጉሜን ምን እንደሆነች ሳያውቅ አፉን ከፍቶ ሲቀር ታያት። ኩለሱም ስታየው፣ ሁሉም ሲያየው። የእጅህን ይስጥህ አለች በልቧ፤ ጣቷም ወደ አረንጓዴው ቁልፍ ሄደ።

ከመጫኗ በፊት የሚላኩትን መልእክቶች ከፈተቻቸው። ለደግነት ብላ አይደለም፤ ጥፋቱ ምን ያህል እንደሚያምር አስቀድማ ልታጣጥም ነበር። ዝርዝሩ ስም የለውም፤ የካርድ ቁጥር፣ የቀጠሮ ቀንና አጭር ማስታወሻ ብቻ ነው። ጳጉሜን ስለጠፋች የጳጉሜን ቀጠሮ ሁሉ ወደ መስከረም ተገፍቷል። ጳጉሜን አንድ የተቀጠረው «መስከረም አንድ ይምጡ» ተብሏል። መስከረም አንድ ዘመን መለወጫ ነው፤ ክሊኒኩ ዝግ ነው። ቆጠረቻቸው፤ አርባ አንድ ሰዎች ናቸው።

አርባ አንድ። በቀሏ ትንሽ ቀዘቀዘ፤ ግን አልጠፋም። ስልክ ደውለው ይጠይቃሉ፣ ይስተካከላል አለች ለራሷ። ከዚያ ጳጉሜን አንድ ከተቀጠሩት የአንዱን ማስታወሻ አነበበች። «ከሞያሌ በአውቶቡስ ይመጣሉ። ብቻቸውን ናቸው። መድኃኒታቸው በዚሁ ቀን ያልቃል።»

ሐሊና ሳምቡሳውን አስቀመጠች። የሞያሌን አውቶቡስ ታውቀዋለች፤ እሷም ከአባቷ ጋር ስትመጣ በዚያው ነው የመጣችው፤ ወገቧ ሳምንት ሙሉ ሲያማት ነበር። እኚህ ሰው ደግሞ መድኃኒታቸው አልቆ አምስት ቀን ይቆዩና፣ ያን ሁሉ መንገድ ተንገላተው የተዘጋ በር ይጠብቃቸዋል። ከኮዱ ግርጌ ደግሞ «አንብቦ ያሳለፈው» ይልና ባዶ ቦታ አለ። አረንጓዴውን ስትጫን እዚያ የሚገባው የእሷ ስም ነው።

ተናደደች። በፋኑኤል ተናደደች፣ ይህን የመሰለ በቀል ከእጇ በመውጣቱ ደግሞ ይበልጥ ተናደደች። ቀዩን ቁልፍ መርጣ ምክንያት የሚጻፍበት ሳጥን ሲከፈትላት ጻፈች፦ «ጳጉሜን ጠፍታለች። አርባ አንድ ታካሚዎች በተሳሳተ ቀን ይጠራሉ።» እዚህ የሚጻፈውን ሁሉም ሠራተኛ ያነበዋል።

ገና ሳትልከው ፋኑኤል ከኋላዋ ደረሰ። ስክሪኑን አነበበ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጳጉሜን ምንድን ናት?»

«አስራ ሦስተኛዋ ወር። አምስት ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት።»

ስክሪኑን ደግሞ አነበበ። «እና ቅድም ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ አልፈለግሁም» አለች። እውነቷን ነው።

«እሺ፣ አትላኪው። ኩለሱም ታየዋለች እኮ። ዝም ብለን እናስተካክለው፣ ፕሊዝ። አንድ ቤተ ክርስቲያን የምንሄድ ልጆች አይደለን? በጆሮዬ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ሰኞ ዕለት አንተ በጆሮዬ ነው የተናገርከው?»

ፋኑኤል አንገቱን ደፋ። ሐሊና ጠበቀችው። «ይቅርታ» የምትል አንዲት ቃል ነበረች የምትፈልገው፤ ብትመጣ ኖሮ ሳጥኑን ዘግታ ዝም ብላ ታስተካክልለት እንደነበር ታውቃለች።

«እሺ» አለ በመጨረሻ፣ «ከሰዓት ለዶክተሩ እንደረዳሽኝ እናገራለሁ። ፖዋ? ይበቃሻል?»

«እንደረዳሁህ» አለች ሐሊና ቀስ ብላ።

ወደ ሳጥኑ ተመለሰችና እንግሊዝኛዋ ሳይጥላት አንድ መስመር ጨመረች፦ «መቀየሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለፋኑኤል የላክሁለት ፋይል ከነቀኑ ተያይዟል።» ከዚያም ላከችው። ከመስታወቱ ወዲያ የኩለሱም ስልክ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ ሁለቱም ሰሙ።

ፋኑኤል ወዴት እንደሚሄድ ግራ ገብቶት ቆሞ ቀረ። ሐሊና አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችለት።

«ተቀመጥ። ለምሳ አንድ ሰዓት ይቀራል። አምስቷን ቀን መልሰህ የምታስገባው አንተ ነህ፤ የማነበው እኔ ነኝ።»

ኩለሱም ስልኳን እያየች ከወንበሯ ስትነሳ በመስታወቱ ታየች። ሐሊና ቀና አላለችም። ፋኑኤል እስኪቀመጥ ጠበቀችና ኪቦርዱን ወደ እሱ ገፋችለት።

«ከነሐሴ ቀጥሎ» አለችው።