በ«ፍቺው» የጀመረ ፍቅር

ትንቢት አሻግሬ ስትናገር ሦስት ወንበር አልፎ ይሰማል፤ ቃልቤሳ ግን አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው «ደህና አደርሽ» ማለት እንኳ ዳገት የሚሆንበት ወጣት ነበር። እሷ ያደገችው አቃቂ፣ ከአሮጌው ሐዲድ ጥግ፣ በጡረታ በወጡ የባቡር መካኒክ ቤት ነው፤ በዚያ ቤት ድሮ ባቡር ሲያልፍ ያልጮኸ ሰው አይደመጥም ነበር። እሱ ደግሞ የቱሉ ዲምቱ ገበሬ ልጅ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ሳይመጣ ጤፍ ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ፣ ከነፋስ በቀር የሚጮህ በሌለበት አድጓል። ወደ ቂሊንጦ ፋብሪካዎች የሚሄደው የሠራተኞች ሰርቪስ ግን ጠባይ አይመርጥም፤ አንድ ማለዳ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

ቃልቤሳ የቀረችውን አንዲት ባዶ ወንበር አግኝቶ እንደ ተቀመጠ፣ ዓይኑ አጠገቡ ባለችው ልጅ ስልክ ላይ ወደቀ። ሁለት እጆች የስፌት መኪና ሲፈቱ ታዩት። የራሱ እጆች ነበሩ።

በአንድ ፋብሪካ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። እሑድ እሑድ አንዲት አሮጌ መኪና ጠረጴዛ ላይ አኑሮ፣ እጁንና ድምፁን ብቻ እየቀረጸ፣ «ገበታ» በተባለው የኢንተርኔት መድረክ ላይ የጥገና ትምህርት ይጭናል። በሰው ፊት የሚጠፋበት ቃል በመኪናዋ ፊት እንደ ምንጭ ይፈልቅለታል።

«እየውልህ!» አለችው ልጅቷ፣ የጆሮ ማዳመጫዋን ነቅላ። «እኚህ መምህሬ ናቸው። ሽማግሌ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ የድምፃቸው እርጋታ! ስድሳን ያለፉ ይመስለኛል።»

ቃልቤሳ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። አፉን ቢከፍት ድምፁ ያጋልጠዋልና ራሱን ነቅንቆ ዝም አለ። በማግሥቱ መናገር ይችል ነበር፤ በሳምንቱ ከበደው፤ ወር ሲሞላው «ስታላግጥብኝ ከረምህ» ትለኛለች ብሎ ፈራ። በግራ አውራ ጣቱ ላይ መርፌ የተወው ጠባሳ በቪዲዮው ጎልቶ ስለሚታይ፣ በሙቀት ቀን እንኳ እጁን ከጃኬቱ ኪስ አያወጣም። ትንቢትም «ጋሼ ዝምታ» የሚል ስም አወጣችለት፤ መልስ ሳትጠብቅ ስለ አለቃዋ፣ ስለ እናቷ ቁጣ፣ ስለ ሽማግሌው መምህሯ ታወራለታለች። እሱም ቀኑን ሙሉ የሚያስበውን ከእሷ አፍ ሰንቆ ይወርዳል።

አንድ ቀን ከሰባተኛው ትምህርት ሥር እንዲህ የሚል አስተያየት አገኘ፦

«የተከበሩ መምህር፣ ‹ፍታው፣ አጥብቀው፣ ዘይት ቅባው› ይላሉ። ከመኪናው ጋር የምንውለው ግን አብዛኞቻችን ሴቶች ነን። እኛንም ቢያናግሩን ምን ይጎድልብዎታል? ትንቢት አሻግሬ።»

ቃልቤሳ ብቻውን ሳቀ፤ ከዚያም አፈረ። ሦስት እሑድ ከቤት ሳይወጣ ሠላሳውንም ትምህርት እንደገና ቀረጸ። እያንዳንዱ ትምህርት አሁን በአንድ ቃል ይከፈታል፦ «እንኳን ደህና መጣሽ። መርፌውን ከመንካትሽ በፊት መኪናውን አጥፊ።» ከዚያ ወዲያ «ፍቺው፣ አጥብቂው፣ ዘይት ቅቢው» ነው።

ትንቢት አዲሱን ትምህርት ሰርቪሱ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጓደኛዋን ሊዲያን አሰማቻት።

«ወይ ጉድ!» አለች ሊዲያ ከፊተኛው ወንበር ዞራ። «ሌላው በፍቅር ጀምሮ በፍቺ ይጨርሳል፤ ያንቺው ሰውዬ ደግሞ በ‹ፍቺው› ጀመሩ!»

«አፍሽን ዝጊ! አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው።»

«እሺ፣ ለሁሉም ከሆነ ‹ፍቱት› ብለው አይገላገሉም? ‹አንቺ› ያሉት ዓይናቸው ላይ አንዲት ሴት ብትኖር ነው።»

ትንቢት የጆሮ ማዳመጫዋን መልሳ ሰካች። ቃልቤሳም ጆሮው እስኪግል ድረስ ፊቱን ወደ መተላለፊያው አዞረ።

ጥቂት ቆይቶ፣ አንድ ማለዳ ሹፌሩ ከከባድ መኪና ሸሽቶ ድንገት ፍሬን ያዘ። የትንቢት ስልክ ከእጇ ሲያመልጥ ቃልቤሳ በአየር ላይ ቀለበው፤ መለሰላትና እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ መምህሯ እርጅና ማውራት ተወች። እሱ ይህን ልብ ያለው ግን ዘግይቶ ነው።

ትንቢት በስፌት የምትሠራበት ፋብሪካ ከሠራተኞቹ መካከል አንድ ጠጋኝ በፈተና እንደሚመርጥ ያስታወቀው ትምህርቱን በጨረሰችበት ሳምንት ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሰርተፍኬቷን ይዛ ወደ ሰርቪሱ ስትገባ ፊቷ ጠቁሯል።

«ስማ እንግዲህ፣ ጋሼ ዝምታ። ‹አቶ ትንቢት አሻግሬ ትምህርቱን በብቃት አጠናቋል› ይላል። የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ አጥናፉ ትናንት ‹አቶ ትንቢት ይምጡና ይፈተኑ› ብለው ሳቁብኝ። መምህሩ ነገ ጠዋት ራሳቸው ቀርበው ካላረጋገጡልኝ ስሜ ይሰረዛል።»

ይህን ስትናገር የምታየው ወረቀቱን አልነበረም፤ እሱን ነበር። ቃልቤሳ አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። የሰርተፍኬቱን ቅጽ ያዘጋጀው እሱ ነው፤ ትምህርቱን ሲያቃና ወረቀቱን ረስቶታል። ሰርቪሱ ቆመ፤ እሷም ሳትሰናበተው ወረደች።

ዓርብ ጠዋት የታረመውን ሰርተፍኬት ይዞ አቶ አጥናፉ ቢሮ ገባ። ትንቢት በሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

«መምህሩ አንተ ነህ?» አሉ አቶ አጥናፉ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው። ቃልቤሳ ራሱን ነቀነቀ። «ፊትህ በቪዲዮው የለም። መንገደኛው ሁሉ ‹መምህር ነኝ› እያለ ቢመጣ ልመን?»

ካልተናገረ እሷ ፈተናውን ታጣለች፤ ከተናገረ እሱ እሷን ያጣል። እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው፤ ፊቱንም ወደ በሩ መለሰ።

«እንኳን ደህና መጣሽ፤» አለ። «መርፌውን ከመንካትሽ በፊት መኪናውን አጥፊ።»

«በእመቤቴ፣ እሱ ነው!» ብላ ጸሐፊዋ ከወንበሯ ተነሣች። «እኔም ከልጄ ጋር እከታተለዋለሁ!»

አቶ አጥናፉ ማኅተማቸውን አሳረፉ። ትንቢት ወረቀቱን ይዛ ወደ ፈተናው ሄደች።

የተሰጣት መኪና ክር የሚበጥስ፣ ስፌት የሚዘል፣ ሁለት ወንዶች ሞክረው የተዉት ነበር። አጠፋችው፤ ፈታችው፤ አጠበቀችው፤ ዘይት ቀባችው። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ስፌቱ እንደ ሐዲድ ቀጥ ብሎ ሲወጣ በስፌት ላይ የነበሩት ሴቶች መቀሳቸውን በጠረጴዛው ላይ እያንኳኩ አዳራሹን በእልልታ አናወጡት።

ቃልቤሳ በሩ ላይ ሲጠብቃት አገኘችው።

«ተቀየምሽኝ?»

«ጠባሳህን ካየሁ አንድ ወር ሆነኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እኔ ነኝ ዝም ያልኩት? እኔ?» ሳቋ አመለጣት። «እስክትናገር ጠበቅሁህ እንጂ! ዛሬ ባትመጣ ኖሮ ሁለተኛ አጠገብህ ላልቀመጥ ምዬ ነበር።» ከዚያም ድምፅዋ እንደ እሱ ድምፅ ቀስ አለ። «‹እናንተ› ብለህ መገላገል ትችል ነበር።»

«ክፍሌ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም፤» አላት።

ያን ጊዜ ለቃልቤሳ አንድ ነገር ገባው፤ በጽሑፍ ስታከብረው የኖረችው «አንቱ» ወድቆ «አንተ» ተተክቷል። እንዲህ ያለ ሹመት ተሰጥቶት አያውቅም።

በዳግማ ትንሣኤ ቃልቤሳ አቃቂ፣ እነ ትንቢት ቤት ለምሳ ተጠራ። ትንቢት የፋብሪካው የመጀመሪያዋ ሴት ጠጋኝ ከሆነች ወራት አልፈዋል፤ «ገበታ» ላይም በእሷ ድምፅ የሚሰጥ አዲስ ትምህርት ተከፍቷል። ምሳው ተበልቶ ሲያበቃ አባቷ አቶ አሻግሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ የመጣህበት አልጠፋኝም። በእኛ ቤት ግን ሴት ልጅ የምትጠየቀው በሽማግሌ ነው። ሽማግሌህ የታሉ?»

«ይኸውልህ አባዬ!» አለች ትንቢት ወደ ቃልቤሳ እያመለከተች። «‹ሽማግሌ መምህሬ› ስል የከረምኩት እሱን እኮ ነው!»

እናቷ ወይዘሮ አቻምየለሽ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «ሽማግሌ ሆኖ ከመጣማ ይናገራ!» አሉ።

ቃልቤሳ ብድግ አለ። እጆቹ ከኪሱ ውጭ ነበሩ፤ ድምፁም አልተንቀጠቀጠም።

«አባባ፣ ሽማግሌዎቹ በሚመጣው እሑድ ይመጣሉ፤ ወጉ አይቀርም። ይህችን አንዲት ቃል ግን ሌላ ሰው እንዲናገርልኝ አልፈለግሁም፤ እኔና ትንቢት ልንጋባ ወስነናል።»